ጥቆማ፦ የተጎታች ቤት ባትሪ አልሞላ ሲል ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ማን ጋ ይኬዳል?

ሐይቅ ዳር ለማደር ትንሽ ተጎታች ቤት ያሠራኸው ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራቱ ይጠፋብኛል፣ አዲስ ባትሪ ከየት ልግዛ ብለሃል። የኔ ጥቆማ፣ መጀመሪያ ባትሪ ቤት አትሂድ። የመኪና ኤሌትሪሺያን ጋ ሂድ። የተጎታቹ ባትሪ የሚሞላው ከመኪናው በሚመጣ መስመር ነው፤ አሮጌውን ያልሞላ መስመር አዲሱንም አይሞላውም። ገንዘብህ ያሳዝነኛል።

ከመሄድህ በፊት ራስህ ለካ። ዲጂታል መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ብዙ አያስወጣም። ምንም ነገር ሳይሠራበት ጥቂት ሰዓት ያረፈ የአሲድ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ማለት ግማሽ ነው፤ ከዚያ በታች እየወረደ ከከረመ ባትሪው ይሞታል። ከዚያ ሞተሩን አስነሳና የመኪናውን ባትሪ ለካ፣ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ወዲያው ወደ ተጎታቹ ሂድ። መኪናው ላይ 14.2፣ ተጎታቹ ላይ 13.1 ካሳየህ ባትሪውን አትውቀሰው። ጥፋቱ መሐል ላይ ነው።

መሐል ላይ ያለው ደግሞ ሽቦ ነው። ብዙ ጊዜ ለፍሬን መብራት የተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ባትሪ እንዲሞላ ይደረጋል። መስመሩ 8 ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 16 ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 10 አምፒር ሲያልፍበት 1 ቮልት ያህል ይበላል። በ10 ካሬ ብትቀይረው ኪሳራው ወደ 0.3 ይወርዳል። ሶኬቱ ጀርባ ያለውን ፕላስተርም ፍታው። መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት አውጥቶ ከሆነ ቆርጠህ ጣለው። ኔጌቲቩንም ለመጎተቻው ብረት አትተወው። ብረቱ ይዝጋል፣ ቅባት ይይዛል፤ የራሱን ሽቦ ዘርጋለት።

ለዚህ ሥራ ከደሴ ይልቅ የኮምቦልቻዎቹን እመርጣለሁ። በባቲ አድርገው ወደ ሚሌ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች እዚያ ስለሚቆሙ፣ ረጅም መስመርና የተጎታች ሶኬት ለባለሙያዎቹ የየቀን እንጀራቸው ነው። ግን ከባድ መኪና 24 ቮልት ነው። ያንተ 12 መሆኑን ገና ስትገባ ተናገር፤ ቻርጀርም ሆነ አምፖል ሲሰጡህ ጽሑፉን አንብብ።

የደሴ ባትሪ ቤቶች የሚጠቅሙህ ለምርመራ ነው። የአሲድ መለኪያ ያለው ፈልግና ስድስቱንም ጉድጓድ ያሳይህ። መለኪያው አሲዱ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ያሳያል፤ ሙሉ ሲሆን 1.26 ገደማ ይላል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በጣም ወርዶ ከቀረ፣ ያኔ አዲስ ግዛ።

ሌላም ነገር አለ። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ብትነዳ፣ በ10 አምፒር የምታስገባው 10 አምፒር ሰዓት ነው። ግማሹ ያለቀ የ100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግን 50 ይፈልጋል። ስለዚህ ሽቦው ቢስተካከልም ለአጭር መንገድ ሶላር ያስፈልግሃል። ባለ 100 ዋት ፓኔል በጥሩ ፀሐይ 5 አምፒር ያህል ይሰጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ብዙ አትጠብቅ። ሶላር ሱቆች ለቤት የሚሆነውን ትልቁን ፓኔል በርካሽ ኮንትሮለር (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠር ዕቃ) ሊሸጡልህ ይችላሉ። ትልቁ ፓኔል 30 ቮልት ገደማ ስለሚያወጣ፣ ፒደብሊውኤም የሚባለውን ርካሹን ኮንትሮለር ከገጠምክበት ከግማሽ በላዩ ይባክናል። ለእሱ ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር የሚቀይረውን ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር ግዛ። ለትንሹ ባለ 12 ፓኔል ፒደብሊውኤም ይበቃል።

ስለ ሊቲየም ባትሪ የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥሩ ነው፣ ቀላልም ነው። ነገር ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም። የደላንታን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ታውቂዋለሽ፤ እዚያ የምታድሪ ከሆነ ብርድ ላይ መሙላቱን የሚያቆም መከላከያ ያለውን ለይተሽ ግዢ። ቻርጀሩም ለሊቲየም የተሠራ ይሁን።

መኪናችሁ አዲስ ሞዴል ከሆነ ዲናሞው በኮምፒውተር ስለሚታዘዝ ቮልቱን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ያኔ ሽቦ ማወፈር ብቻ አይበቃም፣ ከመኪናው የሚመጣውን ቮልት ለተጎታቹ ባትሪ በሚስማማው ልክ የሚያስተካክለውን ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር አስገጥሙ። ለአሮጌ ፒክአፕ መጀመሪያ ሽቦውን ቀይሩና ለኩት።

ማንም ይሥራላችሁ ማን፣ ፊውዙ ከሁለቱም ባትሪዎች አጠገብ ይግባ። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ከመኝታው ሥር ካስቀመጣችሁት ወደ ውጭ መተንፈሻ አስወጡለት።