በድሬዳዋ ሙቀት ከኤም ኤስ ጋር መኖር፦ ወደ ሐረር ልዛወር ወይስ እዚሁ ልቆይ?

የሳቢያኗ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም። የ34 ዓመት መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። መልቲፕል ስክለሮሲስ (በአጭሩ ኤም ኤስ፣ የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን ነርቮች ሽፋን የሚጎዳ በሽታ) እንዳለብኝ በኤምአርአይ ከታወቀ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። መድኃኒቴን አላቋርጥም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቆሜ ሳስተምር ብውል ብዙም አይደክመኝም። ግንቦት ሲገባ ግን ቀትር ላይ ቀኝ ዓይኔ ይጋረድብኛል፣ እግሬ ይከብደኛል፣ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ ያቅተኛል። ቤት ገብቼ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቤ ጋደም ካልኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመለስልኛል። ቤተሰቦቼ በሽታው እየባሰ ነው ብለው ስለ ሰጉ ወደ ሐረር እንድዛወር ይወተውቱኛል፤ እናቴም ተማሪዎቼም ያሉት ግን እዚህ ነው። ሙቀቱ በእርግጥ በሽታውን እያባባሰው ይሆን?

ነርስ፣ ከድሬዳዋ

ውድ እህታችን፣ የገለጹት ሁኔታ በሕክምናው ዓለም በሚገባ የታወቀ ነው፤ ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኡትሆፍ በ1890 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። በኤም ኤስ ምክንያት ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ያህል እንኳ ሲጨምር መልእክት ማስተላለፍ ይሳነዋል፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ሙቀቱ ያደክምዎታል እንጂ በነርቭዎ ላይ አዲስ ጉዳት አያደርስም። በሽታው አገረሸ የሚባለው አዲስ ምልክት ታይቶ፣ ወይም የቀድሞው ብሶ፣ ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ሳይኖር ከ24 ሰዓት በላይ ሲቆይ ነው፤ ያን ጊዜ ሳይዘገዩ ሐኪምዎን ያግኙ። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ብዙ ታማሚዎች ሽንት ቶሎ ቶሎ ስለሚያጣድፋቸው ውኃ መጠጣት ይቀንሳሉ። ይህ በድሬ ሙቀት ከባድ ስሕተት ነው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያስከትላል፣ ኢንፌክሽኑ የሚያመጣው ትኩሳትም ምልክቶቹን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

የከዚራ ነዋሪ

እህቴ፣ እኔ ከዚህ ሕመም ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። በመጀመሪያው ግንቦት እግሬ ከድቶኝ መንገድ ላይ ስቀመጥ አበቃልኝ ብዬ ነበር። አሁን ገበያ መሄድንም ሆነ ሐኪም ያዘዘልኝን እንቅስቃሴ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት እጨርሳለሁ፤ ቀትር ላይ አልወጣም፤ ግድ ሲሆን በባጃጅ እሄዳለሁ፣ የረጠበ ፎጣም አንገቴ ላይ አደርጋለሁ። የከበደኝ በርጫን መተው ነበር። ጫት የሰውነትን ሙቀት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ በተዘጋ ክፍል ከሰዓት በኋላ ሙሉ መቀመጡ ደግሞ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው አይሆንም። ጓደኞቼን አጣለሁ ብዬ በጣም ፈርቼ ነበር፤ እነርሱ ግን ማታ ማታ ነፋሱ ሲመጣ ከደጄ ወንበር አውጥተው ይጠብቁኝ ጀመር። ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሕመምሽን ከትምህርት ቤቱ አትደብቂ። የማያውቁ ሰዎች ስትንገዳገጂ ሲያዩ ሌላ ነገር ያስባሉ።

የታማሚ እህት፣ ከሐረር

ወንድሜ በዚሁ ምክንያት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር መጥቷል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ የደንገጎን ዳገት እንደጨረሱ አየሩ ይለወጣል፣ እርሱም በእርግጥ ቀለል ብሎታል። ሆኖም የተከራየው ቤት ጀጎል ውስጥ ስለነበር፣ ባጃጅ በማይገባበት ጠባብ መንገድ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል እየወረደና እየወጣ እግሩ ከሙቀቱ ባላነሰ ተፈተነ። በኋላ ሜዳ ላይ ያለ ቤት ፈለግንለት። ከሁሉ የበለጠ የጎዳው ግን ብቸኝነት ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ሁሉ የቀረው ድሬ ነው። እኔ ብሆን ቤት ከማፍረሴ በፊት በሚቀጥለው ክረምት ዕረፍት አንድ ወር መጥቼ እሞክረው ነበር።

የሳቢያኗ መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የነርሷን መልስ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ «ታዲያ ዓይንሽ አይጠፋም ማለት ነው?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ይህንን በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሜን አብረን እንጠይቀዋለን። ዛሬ ለርእሰ መምህሩ ሕመሜን ነገርኩት። ከሚያዝያ ጀምሮ ክፍለ ጊዜዎቼን ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት ሊያደርግልኝ ተስማምቷል፤ የማስተምርበትንም ክፍል ከፎቅ ወደ ምድር፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ወዳለው አዛውሮልኛል።