ኤንፒ-ሃርድ ነው ተባልኩ፣ ርዕሴን ልቀይር?

አዘዞ_ሰፈሬ፦
ሰላም ናችሁ? ጎንደር ነው የምማረው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ። የመመረቂያ ሥራዬ ዕቃ ማከፋፈል ላይ ነው። አንድ አይሱዙ አዘዞ ካለ መጋዘን ተነስቶ ፒያሳ፣ ማራኪና አራዳ ያሉ 40 ሱቆች ያደርስና ይመለሳል፤ ነዳጅ የሚቆጥበውን ዙር መፈለግ ነው። አንዱ ገምጋሚ «ይሄ ኤንፒ-ሃርድ ነው፣ አይፈታም፣ ሌላ ርዕስ ፈልጊ» አለኝ። ልቀይር ወይስ ልከራከር?

ጥቁር_ስክሪን፦
ኧረ እንዳትቀይሪ! ኤንፒ-ሃርድ ማለት አይፈታም ማለት አይደለም። የነጥቡ ቁጥር የቱንም ያህል ቢያድግ ሁሌም በፍጥነት ትክክለኛውን መልስ የሚሰጥ ዘዴ አልተገኘም፣ እንደማይኖርም ማንም አላረጋገጠም። ክሌይ የሚባለው የሒሳብ ኢንስቲትዩት በ2000 እ.ኤ.አ. 1 ሚሊዮን ዶላር የመደበለት ጥያቄ እኮ ይሄው ነው። ያንቺ ግን 40 ሱቅ ነው! ኮንኮርድ የሚባለው ፕሮግራም በ2006 85,900 ነጥብ ያለው እንዲህ ያለ ጥያቄ ፈትቷል፣ ከዚያ ያጠረ ዙር እንደሌለም አረጋግጧል።

ሎጋሪዝም፦
ልክ ነው፤ ሁሉንም ዙር በጉልበት እየሞከርሽ እንዳትሄጂ ብቻ። መጋዘኑን ጨምሮ 20 ቦታ ቢሆን እንኳ፣ መሄጃውና መመለሻው እንደ ተለያየ ከተቆጠረ፣ 121,645,100,408,832,000 ዙር አለ። በሰከንድ ቢሊዮን ብትሞክሪ አራት ዓመት ገደማ ነው። ሄልድና ካርፕ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1962 ያወጡት ዘዴ ይህንኑ በሰከንዶች ይጨርሰዋል። 40 ላይ ግን ሜሞሪሽን ይጨርሳል፣ አትድከሚ።

ዳገት_ወጪ፦
ቆይ፣ ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘለላችሁ። ኮንኮርድ የሚሠራው መሄጃውና መመለሻው እኩል ሲሆን ነው። አዘዞ ፒያሳ መንገድ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ መውጣቱና መውረዱ ነዳጅ ላይ አንድ አይደለም። ክሪስቶፊደስ የሚባል ተመራማሪ በ1976 ያመጣው «የሚገኘው ዙር ከአጭሩ ዙር 1.5 እጥፍ አይበልጥም» የሚለው ዋስትናም እዚህ አይሠራም። እኩል ላልሆነው ዓይነት የነጥቡ ቁጥር ቢያድግም የማይለወጥ እንዲህ ያለ ዋስትና ያለው ዘዴ የቀረበው ገና በ2018 ነው። በተግባር ግን ኤልኬኤች የሚባለውን ፕሮግራም ሞክሪ፣ እኩል ያልሆነውንም ይቀበላል፤ ለ40 ቦታ በቅጽበት ነው የሚመልስልሽ።

አዘዞ_ሰፈሬ፦
አይሱዙው እያራገፈ ሲሄድ እየቀለለ ይሄዳል እኮ። ዳገቱ ላይ የሚበላው ነዳጅ ቀድሞ ማን ጋ እንዳራገፈ ይወሰናል ማለት ነው?

ዳገት_ወጪ፦
እሱ ነው ርዕስሽ! የሁለት ሱቆች ርቀት ብቻውን ዋጋውን አይነግርሽም፣ ያለፈውም ይቆጠራል። አዲስ አልጎሪዝም ፈልስፊ ያለሽ የለም። የዋጋ አሰላሉን በደንብ ሥሪው፣ ለገምጋሚውም ይህንን አስረጂው እንጂ ስለ ኤንፒ አትሟገቺ። እሟገታለሁ ካልሽም ጥቁር_ስክሪንን ይዘሽው ሂጂ 😄

አዘዞ_ሰፈሬ፦
እሺ፣ የመንገዱን ከፍታ ከየት አመጣለሁ?

ሎጋሪዝም፦
ናሳ በ2000 በመንኮራኩር ያነሳው የከፍታ ዳታ አለ፣ በነፃ ይወርዳል። በየ30 ሜትሩ ስለሆነ ለአዘዞው መንገድ ይበቃሻል። ለፒያሳ አጫጭር ቁልቁለቶች ግን ሻካራ ነው፣ እዚያ ስልክሽን ይዘሽ በእግርሽ መውጣት ሊኖርብሽ ነው።