ሙስታንግ 2006፦ ዝናብ ሲጥል የሚቃወሰው ኤሌክትሪክ እና የኤርባግ ሪኮል

የሂርማታው፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄው ከጅማ ነው። መኪናዋ ከአሜሪካ የገባች 2006 ፎርድ ሙስታንግ፣ 4.0 ሊትር ቪ6፣ አውቶማቲክ ናት። ዝናቡ ከጠነከረ ወዲህ የግራ ፍሬቻ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ዝናብ መጥረጊያው ሳይነካ አንድ ሁለቴ ሄዶ ይቆማል። የውስጥ መብራት በሩ ተዘግቶም የማይጠፋበት ጊዜ አለ፤ ሁለት ሦስት ቀን ከቆመች ደግሞ ባትሪው ሞተሪኖውን ማዞር ያቅተዋል። ፀሐይ ሲወጣ አብዛኛው በራሱ ይስተካከላል። አሁን በዚህ ላይ የኤርባግ መብራት ክሩስኮቱ ላይ በርቶ ቀርቷል።

ባትሪው አዲስ ነው፤ ሞተር ሲነሳ ዳይናሞው 14.2 ቮልት ይሰጣል። አንድ ኤሌክትሪሺያን ዋይሪንጉ በሙሉ ይቀየር ይላል። ሌላው የኤርባግ መብራቱ የበራው መኪናዋ ሪኮል (አምራቹ ለታወቀ ጉድለት መኪናዎችን ለጥገና የሚጠራበት) ስላለባት ነው ባይ ነው። ከየት ይጀመራል? ሪኮሉስ እዚህ ሆኖ እንዴት ይጣራል?

ማሳና ኮረንት፦

ወንድሜ፣ ዋይሪንጉን እንዳታስነካ። ዝናብ ሲመጣ የሚነሳ፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚተው ችግር ሽቦ አርጅቶ የሚመጣ አይደለም፤ ውሃ የሚደርስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ከ2005 እስከ 2009 በተሠሩት ሙስታንጎች ደግሞ ቦታው የታወቀ ነው። የቆጠርካቸው ፍሬቻ፣ መጥረጊያና የውስጥ መብራት ትእዛዝ የሚቀበሉት ከአንድ ሞጁል (መቆጣጠሪያ ሳጥን) ነው፤ ስማርት ጃንክሽን ቦክስ ይባላል፣ የውስጥ ፊውዞቹም እሱ ላይ ናቸው። ያለው ከፊት በቀኝ በኩል ተሳፋሪው እግሩን በሚዘረጋበት ቦታ፣ ከስፖርቴሎው ወደፊት ባለው የጎን ግድግዳ፣ ከፕላስቲክ ክዳን ጀርባ ነው። ከእሱ በላይ ደግሞ ከፊት መስተዋቱ ግርጌ የዝናብ ውሃ የሚሰበሰብበት ገንዳ አለ።

ገንዳው ውሃውን የሚያወርደው በግራና በቀኝ ጫፉ ባሉ መውረጃዎች ነው። ጅማ ላይ ብዙ መኪና የሚያድረው ዛፍ ሥር ነው። በበጋ የገባው ቅጠልና አቧራ ዝናቡ ሲጀምር ይበሰብስና ጭቃ ሆኖ መውረጃውን ይደፍናል። ውሃው ገንዳው ውስጥ ከፍ ሲል በአየር ማስገቢያው ዙሪያ ባለው ጎማና በብረት መጋጠሚያው ማሸጊያ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል፤ ወርዶም ሞጁሉ ላይ ያርፋል።

መጀመሪያ የቀኙን ሞኬት ከፍ አድርገህ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ተጫን። ላዩ ደረቅ ሆኖ ስፖንጁ ለሳምንታት ውሃ ሊይዝ ይችላል። ውሃ ካገኘህ ዓይነቱን ለይ። ከዝናብ በኋላ የሚመጣ ንጹህ ውሃ ከሆነ ከገንዳው ነው። ዝናብ ሳይኖር ኤሲ ከሠራ በኋላ ከታየ የኤሲው ውሃ ማውጫ ቱቦ ተደፍኗል። ጣት ላይ የሚያሙለጨልጭ፣ የሚያጣብቅና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ነው፤ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ፈሷል ማለት ነው፤ የዚህ መፍትሔ ሌላ ነው።

ከገንዳው ከሆነ የመጥረጊያዎቹን እጆች ፈትተህ የፕላስቲክ ክዳኑን አንሳ። ቅጠሉን በእጅና በቫኪዩም አውጣው። በውሃ ግፊት አትግፋው፤ ጭቃውን ይበልጥ ወደ መውረጃው ታስገባዋለህ። ሲጸዳ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ቀስ ብለህ አፍስ፤ በሁለቱም በኩል ወዲያው መሬት ላይ መውረድ አለበት። ከዚያ አንድ ሰው ባትሪ መብራት ይዞ ውስጥ ይግባ፤ የውስጥ ፕላስቲኩ ተነቅሎ ብረቱ ይታይ። ሌላው በቀጭን የውሃ ጎማ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየሄደ እያንዳንዱን ቦታ ለጥቂት ደቂቃ ያርጥብ። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ሁሉንም ቦታ ስለሚያዳርስ የገባበትን አታውቅም።

ማሸጊያውን ስትቀይር አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ፋቀው፣ በአልኮል አጽዳ፣ አድርቅ፣ ከዚያ ለመኪና አካል የሚሠራ ፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ተጠቀም። ሲቀባ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን የመስኮት ሲልከን አታስነካው፤ የሚለቀው አሲድ ብረቱንም አጠገቡ ያለውን መዳብም ይበላል። ይህን ስህተት ብዙ ጋራዥ ይሠራዋል።

አሁን ወደ ሞጁሉ። ከመፍታትህ በፊት ፎርስካን በሚባለው የፎርድ መመርመሪያ ፕሮግራም፣ በላፕቶፕና ላፕቶፑን ከመኪናዋ ጋር በሚያገናኘው ኢኤልኤም 327 አስማሚ ገብተህ የሞጁሉን ኮንፊገሬሽን (የተሞላበትን የመኪናዋን መረጃ) ፋይል ላይ አስቀምጥ። ሞጁሉ ሞቶ ሌላ ቢገባ ያለዚያ መረጃ አዲሱ ሞጁል የመኪናዋን ዕቃ አያውቅም፤ አንዳንዱ ዕቃ በትክክል ላይሠራ ይችላል። ከዚያ ቁልፉን አውጣ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቅ። ሶኬቶቹን ሳትነቅል ፎቶ አንሳቸው።

ሶኬት ላይ ወይም የሞጁሉ እግሮች ላይ አረንጓዴ ዱቄት ካየህ የተበላ መዳብ ነው። በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ አጽዳው። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ሲሶው ያህል ውሃ ስለሆነ እሱን ከተጠቀምክ ረዘም ላለ ጊዜ አድርቀው። ማድረቂያ ሙቀት ከ60 ዲግሪ አይለፍ፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል። እግሩ ቀጥኖ ወይም ጠቁሮ ከሆነ ግን ማጽዳት አያድነውም። የቀጠነ እግር ኮረንት ሲያልፍበት ይግላል፣ ሲግል ሶኬቱን ያቀልጣል፤ ሞጁሉ ይቀየር።

ስፖንጁን ሳታደርቅ ሞኬቱን አትመልስ። ወንበሩን ማውጣት ግድ ይላል፤ ሥሩ ያሉትን ሶኬቶች የምትነቅለው ባትሪው ተፈትቶ እያለ ብቻ ነው። የተሳፋሪውን ክብደት የሚለካው ሴንሰር እዚያ ወንበር ውስጥ ነው። አሁን ለበራው የኤርባግ መብራት የመጀመሪያ ተጠርጣሪዬም እነዚያ ውሃ የነካቸው ሶኬቶች ናቸው።

ቦቼ ኤሌክትሪክ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሞጁሉን ከመንካትህ በፊት መኪናዋ ቆማ ስንት ኮረንት እንደምትበላ ለካ። ያለዚያ ከጥገናው በኋላ ምን እንደተለወጠ አታውቅም።

ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርገህ በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መካከል አስገባው። በር ክፍት ሆኖ ለመሥራት የበሩን መቆለፊያ በካቻቢቴ ገፍተህ እንደተዘጋ አድርገው። ቁልፍ አውጣ፤ ሞጁሎቹ እስኪተኙ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ጠብቅ። ቴስተሩ እንዳለ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክር፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ንባቡ ከ0.05 አምፒር በታች መሆን አለበት። ግማሽ አምፒር ካሳየህ 60 አምፒር ሰዓት ባትሪ በአምስት ቀን ባዶ ይሆናል፤ ሞተሪኖ ለማዞር ግን ግማሹ ሲያልቅ ይቸገራል፤ የአንተ ሁለት ሦስት ቀን ከዚህ ሒሳብ ጋር ይገጥማል።

ጥፋተኛውን መስመር ለማግኘት ፊውዝ አትንቀል፤ ነቅለህ ስትመልስ የተኛውን ሞጁል ትቀሰቅሰዋለህ። ቴስተሩን ሚሊቮልት ላይ አድርገህ በእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት የብረት ነጥቦች ንካ። ዜሮ ከሆነ ኮረንት የለም። ባለ 10 አምፒር ፊውዝ ላይ 1 ሚሊቮልት ካነበብክ ወደ 0.13 አምፒር እያለፈ ነው።

ማሳውንም፣ ማለት ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መኪናዋ ብረት የሚሄደውን መስመር፣ እየው። የፊት መብራትና ማራገቢያ በርተው ሞተር እየሠራ በባትሪው ኔጌቲቭና በሻንሲው መካከል ከ0.1 ቮልት በላይ ካለ የማሳ ገመዱን መቆንጠጫ ፈትተህ ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው። ፍሬቻ ቶሎ ቶሎ መምታቱ ደግሞ አምፑል ተቃጥሎ ወይም የአምፑሉ መያዣ ዝጎ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም በውሃው ከማሳበብህ በፊት የኋላውን መብራት ከፍተህ ተመልከት።

ኪቶ ፉርዲሳ፦

ስለ ኤርባጉ የተነገረህ ነገር አደገኛ ስለሆነ ለብቻው መመለስ አለበት። የመብራቱ መብራትና ሪኮሉ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ከ2005 እስከ 2014 የተሠሩ ሙስታንጎች ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሠራው ኤርባግ ሪኮል ውስጥ አሉ። ችግሩ ኤርባጉን የሚነፋው ዕቃ ውስጥ ያለው አሞኒየም ናይትሬት ነው፤ እርጥበት የሚመጥ ማድረቂያ ሳይጨመርበት ነው የተሠራው። ለዓመታት እርጥበትና የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት ሲፈራረቁበት ይሰነጣጠቃል፣ ይደቃል። የደቀቀው ከታሰበው ፍጥነት በላይ ይነድና የብረት ቆርቆሮውን ይፈነዳዋል፤ ስብርባሪው በቀጥታ ወደ ሾፌሩ ፊትና አንገት ይመጣል። በዚህ ሰዎች ሞተዋል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ዕቃ የተጠራበት፣ በአገሪቱ ታሪክ ትልቁ የመኪና ሪኮል ነው፤ ኩባንያው ራሱ በ2017 ኪሳራ አውጇል።

ልብ በል፦ ይህ ጉድለት የኤርባግ መብራትን አያበራም። የኤርባጉ ኮምፒውተር የሚለካው የማቀጣጠያውን ሽቦ ሬዚስታንስ (ኮረንትን የመቃወም መጠን) ብቻ ነው፤ ውስጥ ያለው ኬሚካል ደቅቆ ይሁን አይሁን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ውሃው ደርቆ ሶኬቱ ጸድቶ መብራቱ ቢጠፋም ሪኮሉ እንዳለ ነው። ቁልፍ ሲከፈት መብራቱ ለስድስት ሰከንድ ያህል በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ነካክቶታል።

ለማጣራት የሻንሲ ቁጥሩን ከፊት መስተዋቱ ግራ ግርጌ ወይም ከሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ጻፍ፤ ከሊብሬው ጋር አመሳክረው። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ አስረኛው 6 ከሆነ የ2006 ሞዴል ናት። በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይፈለጋል። ያልተሠራ ሪኮል ካለ ዝርዝሩ ይወጣል። ምንም ካልወጣም ሙሉ በሙሉ አትረጋጋ፤ ብዙዎቹ ወደ እኛ የሚመጡ መኪኖች ተጋጭተው የተጠገኑ ናቸው። ኤርባጉ ከሌላ አሮጌ መኪና ተነቅሎ የተገጠመ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩ ንጹህ ሆኖ መሪው ውስጥ ያለው ዕቃ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የሂርማታው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ስፖንጁ ተጨምቆ ውሃ ወጥቶታል፤ የቀኝ መውረጃው ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ነበር። በሻንሲ ቁጥሩ ሲፈለግ የሾፌሩ ኤርባግ ሪኮል እንዳልተሠራ ያሳያል። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ አሜሪካ ያለ ዘመድ አዲሱን ኤርባግ በሻንጣ ይዞ ቢመጣስ? እስከዚያው ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ ኤርባጉን አውጥቶ በቦታው ሬዚስተር (ለኮምፒውተሩ ኤርባጉ ያለ የሚያስመስል ትንሽ ዕቃ) አስገብቶ መብራቱን ላጥፋው ይላል።

ኪቶ ፉርዲሳ፦

ሁለቱም አይሆኑም። ኤርባግ ፈንጂ ነገር ስላለው በአደገኛ ጭነት የሚመደብ ነው፤ በመንገደኛ ሻንጣ መያዝ ክልክል ነው፣ በአየር ማረፊያ ይያዛል። ከተላከ በአደገኛ ዕቃ ማሸጊያና ሰነድ በካርጎ ነው። ደግሞም ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ርካሽ ኤርባግ አትግዛ፤ ያው የታካታ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ ሪኮሉ የሚሠራው በፎርድ ወኪል ጋራዥ፣ በነፃ ነው። እዚህ ያ ግዴታ ስለማይደርስ የሻንሲ ቁጥሩንና የሪኮሉን ውጤት አትመህ ፎርድ የሚያስመጣ ሕጋዊ ወኪል ጋ በጽሑፍ አስገባ፤ ለፎርድ ደንበኞች አገልግሎትም በኢሜይል ላክ። የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣውና የእጅ ዋጋው በማን እንደሚሸፈን ከማዘዝህ በፊት በጽሑፍ ይመለስልህ።

ሬዚስተሩን በተመለከተ፦ መብራቱ ይጠፋል፣ ኤርባጉም የለም፤ መኪናዋን ነገ የሚገዛት ሰው ግን ያለ ይመስለዋል። ኤርባግ መፍታት የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ቢጫ ሶኬት ያለበትን መስመር በቴስተር ኦም ላይ አድርጎ መለካት ራሱ ኤርባጉን ሊያፈነዳ ይችላል። ዕቃው እስኪቀየር ምክሬ አንድ ነው፦ መኪናዋ ትቁም። የግድ መንቀሳቀስ ካለባት በከተማ ውስጥ ለአጭር መንገድ ብቻ፣ አዲስ አበባ ለመውረድ ደግሞ በጭነት መኪና ተጭና። 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በዚያ መሪ ፊት ተቀምጦ መሄድ ትክክል አይደለም።

ማሳና ኮረንት፦

ሞጁሉ ከጸዳ በኋላም መጥረጊያው በራሱ ከሄደ ሌላ ሞጁል መፈለግህ አይቀርም። አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ላይ ያገለገለ ሊገኝ ይችላል፤ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ ላዩ ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ከመክፈልህ በፊት ክዳኑን ከፍተህ እግሮቹን በመብራት እይ፤ አረንጓዴ ካለበት ያው ያንተው በሽታ ነው። ሲገጠም ያስቀመጥከውን ኮንፊገሬሽን በፎርስካን ትጽፍበታለህ። በዚያን ጊዜ ባትሪው ከ12.5 ቮልት በላይ ይሁን፣ ቻርጀርም ይሰካበት፤ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ የሚቆይ ይሁን።