ክርክር፦ መንገድ ከመቀደዱ በፊት ምድሩ ይዳሰስ ወይስ ቅርስ ሲገኝ ሥራው ይቁም?

አወያይ፦

የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። አዲስ መንገድ በሚዘረጋበት መስመር ሁሉ ላይ፣ ዶዘር ከመግባቱ በፊት፣ የአርኪዮሎጂ ዳሰሳ (በእግር እየተዘዋወሩ የጥንት ቅርስ ምልክት መፈለግ) ማካሄድ በሕግ ግዴታ ይሁን ወይስ አሁን እንዳለው በቁፋሮ ላይ ቅርስ ሲገኝ ሥራውን አቁሞ ማሳወቁ ይበቃል? ባለፈው ሳምንት አንድ አባላችን «ለገል ስባሪ ተብሎ አስፋልት አይዘገይም» ብለው በመጻፋቸው ብዙ ሰው ስለተቆጣ ጉዳዩን ለብቻው አቅርበነዋል። ከርእሱ አንውጣ።

የመንገድ መሐንዲስ፦

ያን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ቀድሜ ልናገር። አነጋገሬ ሸካራ እንደነበር አምናለሁ፤ ሐሳቡን ግን አልተውኩትም። ከዓመታት በፊት በአንድ የገጠር መንገድ ፕሮጀክት ላይ የሳይት መሐንዲስ ሆኜ ስሠራ፣ በአፈር ቆረጣ ላይ የሰው አጽምና ሁለት እንስራ ተገኘ። ደንቡን ጠብቀን ሥራውን አቆምን፣ በደብዳቤም አሳወቅን። ባለሙያ መጥቶ አይቶ እስኪመለስ ሰባት ሳምንት አለፈ። ግሬደሩም ሮለሩም ኦፕሬተሩም ቆመው ሒሳብ ይቆጥሩ ነበር፤ ተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያና የካሳ ጥያቄ አቀረበ፤ በመካከሉ ክረምት ገባና የተቆረጠውን አፈር ጎርፍ በላው። ይህ የሆነው እንግዲህ በአንድ ነጥብ ላይ ነው። በአገራችን የትኛውም ኮረብታ ቢቧጠጥ ገል አይጠፋም። መስመሩን ሁሉ እንዳስስ ከተባለ ከወሰን ማስከበር፣ ከአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማና ከውጭ ምንዛሪ ወረፋ ላይ አራተኛ ወረፋ መጨመር ነው። የምቃወመው ቅርስን አይደለም፤ ግዴታው ያለ ልዩነት በየመንገዱ ላይ መጫኑን ነው።

የአርኪዮሎጂ ባለሙያ፦

ኢንጂነር፣ ስላካፈሉን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን የነገሩን ታሪክ ለእኔ ወገን የሚመሰክር ይመስለኛል። ሰባቱ ሳምንት የጠፋው ቅርስ ስለተገኘ ሳይሆን ማንም አስቀድሞ ስላልፈለገው ነው። እንስራው ከሰማይ የወረደ ዱብ ዕዳ አልነበረም፤ የመቃብር ቦታ ብዙ ጊዜ ከላይ በአፈሩ ገጽ ላይ ምልክት አለው፣ የድንጋይ ክምር ወይም የገል ጥርቅም ይታያል፣ ያም ባይታይ ሽማግሌ ያውቀዋል። ውሉ ሳይፈረም፣ መስመሩ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ቢታይ ኖሮ፣ ወይ መንገዱ 30 ሜትር ፈቀቅ ይል ነበር ወይ ማንም ማሽን ቆሞ ሳይከፈለው ቁፋሮው ይጠናቀቅ ነበር።

አንድ የቤታችን ምሳሌ ላንሳ። በአክሱም ታዕካ ማርያም የሚባል የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ነበረ (ታዕካ ራሱ በግእዝ ቤተ መንግሥት ማለት ነው)። በ1906 እ.ኤ.አ. በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአጥኚዎች ቡድን አክሱም ሲደርስ የዚህን ሕንጻ፣ የእንዳ ሚካኤልንና የእንዳ ስምዖንን መሠረቶች ገልጦ ለካ፣ ፕላናቸውንም ነደፈ፤ ውጤቱ በ1913 እ.ኤ.አ. ታተመ። የታዕካ ማርያም ቅጥር በግምት 120 በ80 ሜትር ነበር። በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን በፍርስራሹ መካከል መንገድ ተቀደደበት። ዛሬ ስለዚያ ቤተ መንግሥት የምናውቀው በአብዛኛው እነዚያ ወረቀቶች ስላሉ ነው። መንገዱ ከመቀደዱ 30 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ስለ መንገዱ ምንም የማያውቅ ሰው በአጋጣሚ ዳሰሳ አድርጎልን ነበር ማለት ነው። እኔ የምጠይቀው ይህ ለአጋጣሚ እንዳይተው ብቻ ነው።

የገጠር መምህር፦

የሁለታችሁንም ጽሑፍ በአክብሮት አነበብኩ። ከምኖርበት ቀበሌ እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ በክረምት የምንሄደው በእግራችን ነው፤ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመን ወንዝ እናሻግራለን። ስለዚህ «መንገዱ ትንሽ ይቆይ» የሚለው ቃል አዲስ አበባ ተቀምጦ ሲጻፍ ቀላል ነው፤ እኛ ዘንድ መቆየቱ የሚለካው በሌላ ነገር ነው። ዳሰሳውን አልጠላሁትም። ነገር ግን መንገዱ ከቀረበት ወይም ከዘገየበት ምክንያት አንዱ ሆኖ ከተቆጠረ፣ ሕዝቡ ቅርስ የሚባለውን ነገር ሁሉ እንደ ጠላት ያየዋል፤ በማሳው ያገኘውንም ድንጋይ ማንም ሳያይበት ይቀብረዋል።

የአክሱም ተወላጅ፦

መምህር እውነት ብለዋል። በልጅነቴ ያደግሁበት ግቢ ከጥንት ሐውልቶች ብዙ አይርቅም፤ አባቴ የመጸዳጃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ፈቃድ ሲለምን ዓመት ተመላልሷል። ቅርሱ የዓለም ነው ይባላል፤ ወጪው ግን የእኛ የቤተሰቡ ነበር። ለማንኛውም ግን ታዕካ ማርያም በተቀደደበት መንገድ ላይ ስሄድ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የሕግ ባለሙያ፦

ብዙ ጊዜ ሕጉ ሳይነበብ ስለ ሕጉ ስለምንከራከር፣ የተጻፈውን በቅድሚያ ላስቀምጥ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሁለት መንገዶችን ይዘረጋል። በአንቀጽ 41 መሠረት፣ በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንጻ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ሳለ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅና ቅርሱን ሳይነካ መጠበቅ አለበት፤ ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ ግን ያገኘው ሰው ዝርዝሩን ለክልሉ በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነቱ ሊወጣ ይችላል። አንቀጽ 42 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአርኪዮሎጂ ቦታን ወይም የቅርስ ክምችት ያለበትን ሥፍራ እንዲከልል ይፈቅዳል፤ በተከለለው ውስጥ ያለ ፈቃድ መንገድ መሥራትም መሬት መቆፈርም አይቻልም።

ልብ በሉ፦ ሁለቱም ድንጋጌዎች የሚሠሩት ቦታው አስቀድሞ ከታወቀ ወይም ማሽኑ ከነካው በኋላ ነው። በመካከል ያለው ሰፊ መሬት፣ ማለትም ገና ያልታወቀው፣ በዚህ አዋጅ ቀድሞ የሚጠይቅለት የለም። ስድስት ወር የሚለውም ለሕግ አርቃቂ አጭር ሊመስል ይችላል፤ ለተቋራጭ ግን አንድ ሙሉ የበጋ የሥራ ወቅት ነው። ኢንጂነሩ ሰባት ሳምንት ስለቆሙ ተማረሩ፤ ሕጉ ከዚያ ከሦስት እጥፍ በላይ የሚፈቅድ መሆኑን ሲያውቁ ምን ይሉ ይሆን?

በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በኩል ቅርስን ማስገባት ይቻላል። ሆኖም በእጄ ባለፉ ሰነዶች የቅርስ ምዕራፍ የሚባለው ብዙ ጊዜ «በመስመሩ ላይ የታወቀ ቅርስ የለም» የምትል አንዲት አንቀጽ ናት። «የታወቀ» የምትለው ቃል ያለ ድካም ስንት ሥራ እንደምትሠራ ተመልከቱ! በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚሠራ ፕሮጀክት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ከጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የባንኩ የአካባቢና ማኅበራዊ ማዕቀፍ ስምንተኛ መስፈርት ስለ ባህላዊ ቅርስ ነው፣ ቅርስ በድንገት ሲገኝ የሚሠራበትንም ሥርዓት በቅድሚያ አዘጋጁ ይላል። እንግዲህ የአበዳሪ ገንዘብ ሲሆን የምንጠነቀቅ፣ የራሳችን ገንዘብ ሲሆን የማንጠነቀቅ ከሆንን ነገሩ ያሳፍራል።

በአየርላንድ የሚኖር አባል፦

እኔ የምኖረው ደብሊን ሲሆን በዚህ አገር በዚሁ ጥያቄ የተነሣውን ክርክር ላካፍላችሁ። ኤም 3 የሚባለው አውራ ጎዳና የጥንት የአየርላንድ ነገሥታት መናገሻ በሆነው በታራ ኮረብታ አጠገብ እንዲያልፍ በ2003 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። በ2007 እ.ኤ.አ. በመስመሩ ላይ ሊስሙሊን በሚባል ቦታ 80 ሜትር ያህል ወርድ ያለው ክብ የእንጨት ምሰሶ አጥር አሻራ ተገኘ። መንግሥት ብሔራዊ ሐውልት ብሎ መዘገበው፣ ባለሙያዎች ቆፍረው ሰነዱት፣ ከዚያ መንገዱ በላዩ ላይ አለፈ፤ በሰኔ 2010 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። እንግዲህ አየርላንድ ዳሰሳ የማታውቅ አገር አይደለችም፤ የመንገድ መሥሪያ ቤቱና ሚኒስትሩ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ አርኪዮሎጂ የተፈራረሙት የአሠራር ደንብ ነበራቸው። ጥፋቱ የቅደም ተከተል ነበር፦ መስመሩ ተመረጠ፣ ጸደቀ፣ ከዚያ በኋላ ምድሩ በጥልቀት ተጠየቀ። አንዴ መስመር ከጸደቀ በኋላ የሚገኝ ቅርስ ይመዘገባል እንጂ አይተርፍም።

የመንገድ መሐንዲስ፦

የደብሊኑ አባል የሰጡት ምሳሌ ሁለት ስለት አለው። ሀብታሟ አየርላንድ በብዙ ወጪ ዳስሳ ስታበቃ ሊስሙሊንን ዘግይታ ያገኘችው ከሆነ፣ እኛ በጥቂት ሰው እግር ምን እናገኛለን? ሦስት ነገር ይመለስልኝ። አንደኛ፣ ከመሬት በታች ያለውን በዓይን ማየት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ክፍያው የማን ነው? ፈረንሳዮች በ2001 እ.ኤ.አ. በሕግ መሬት የሚያለማው አካል እንዲከፍል የሚያደርግ ቀረጥ አውጥተው ተቋም አቋቁመውበታል፤ በእኛ ዘንድ አልሚው መንግሥት ራሱ ስለሆነ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ነው። ሦስተኛው ግን ከሁሉ ያሳስበኛል። «እዚህ ጥንታዊ መቃብር አለ» የሚል ዘገባ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲቀመጥ ወርቅ ፈላጊው በሌሊት ዶማ ይዞ ይመጣል። አይቼዋለሁ።

የአርኪዮሎጂ ባለሙያ፦

በሦስተኛው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ የቦታው ልክ በይፋ በሚሰራጭ ዘገባ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ለንድፍ ሠሪውና ለቅርስ ባለሥልጣኑ ብቻ ይሰጥ። ስለ ክፍያው፣ ለአፈር ምርመራ የሚከፍለው ማን ነው? የጂኦቴክኒክ ጉድጓድ ሲቆፈር «ከማን ኪስ» ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም፤ የንድፍ ሥራው አካል ስለሆነ ነው። የእኔ ሐሳብም ዳሰሳው እዚያው የንድፍ ውል ውስጥ እንዲገባ ነው፤ እንዲያውም ለአፈር ምርመራ የሚቆፈሩትን ጉድጓዶች ግድግዳ አንድ ባለሙያ ቢያያቸው ብቻ ብዙ ነገር በነጻ እናተርፋለን።

በአንደኛው ላይ ግን እግርን አይናቁት። የምድር ውስጥ መሣሪያም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፦ ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት እንደገና ከመተከሉ በፊት በ2005 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ቡድን መሬቱን በመሣሪያ ሲፈትሽ ከማይታወቁ የመቃብር ክፍሎች ጋር ተገናኝቷል፤ ሐውልቱም የቆመው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ያን መሣሪያ በየኪሎ ሜትሩ እንጠቀም አልልም። ሰውንና የቦታን ስም መጠየቅ ግን ርካሽ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ስትሄዱ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬን፣ ራቅ ብሎም 36 ትክል ድንጋዮች ያሉበትን ጢያን ታገኛላችሁ፤ በመልካ ቁንጡሬ አጠገብ ያለው ቦታ ባልጭት ይባላል። ባልጩት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ እዚያ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሚያገኝ መገመት አያቅተውም። ስሙ በካርታው ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ የሚያነበው ነው የጎደለው።

ደግሞ ሁላችንም የዘለልነው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ቅርስ የሚያጠፋው የመንገዱ መስመር አይደለም፤ የድንጋይ ካባው፣ የምርጥ አፈር ማውጫው፣ ካምፑና ጊዜያዊ ተለዋጭ መንገዱ ናቸው። ተቋራጩ ኮረብታ ሲመርጥ ማንም አይጠይቀውም፤ ኮረብታ ላይ ደግሞ የጥንት ሰው ይኖር ነበር።

የገጠር መምህር፦

የካባው ነገር እውነት ነው፤ በእኛ ወረዳ የቀድሞው ጠጠር መንገድ ሲሠራ ልጆች ይጫወቱባቸው የነበሩ የቆሙ ድንጋዮች ተፈጭተው መንገድ ላይ ተነጥፈዋል። ዳሰሳው ማሽን ሳይገባ፣ በንድፉ ዘመን ከሆነና አንድ ቀን እንኳ ካላዘገየን፣ ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ። ሲመጡ ግን ከሊቀ መንበሩ ጋር ሻይ ጠጥተው እንዳይመለሱ፤ ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ።

የመንገድ መሐንዲስ፦

ያለ ልዩነት በሁሉም መንገድ ላይ የሚለውን አሁንም አልቀበልም፤ ነባር መንገድ ሲጠገንና በዚያው አካሉ ላይ ሲሰፋ ዳሰሳ ትርፍ ነው። አዲስ መስመር ከሆነና በንድፍ ውል ውስጥ ከገባ ግን ልቀበለው እችላለሁ። በአሁኑ ወቅት የ60 ኪሎ ሜትር አዲስ መስመር የሥራ ዝርዝር እያዘጋጀን ነው። ስንት ቀን ልጻፍ?

የአርኪዮሎጂ ባለሙያ፦

ጥገናውን ትቼልዎታለሁ። ስድስት ሰው በ15 ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ሲሄድ 90 ሜትር ወርድ ይሸፍናል፤ እየመዘገቡ በቀን 3 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ 20 የመስክ ቀን ይሆናል። ሽማግሌዎችን ለመጠየቅ አሥር ቀን፣ ለዘገባው አንድ ወር ይጨምሩ። እህሉ ከታጨደና ማሳው ባዶ ከሆነ በኋላ ይሁን፤ በሰብል መካከል ገል አይታይም፣ ገበሬውም አይወድም። የካባዎቹንና የምርጥ አፈር ማውጫዎቹን ካርታ ግን ከመስመሩ ጋር አብራችሁ ላኩልን፤ ያለዚያ 20ውን ቀን ብቻ አልፈርምበትም።