ክርክር፦ ፍሌሚንግ ባይኖር ፔኒሲሊን ይገኝ ነበር?

ጥያቄው፦ የሳይንስ ግኝት ጊዜው ሲደርስ በአንዱ ባይሆን በሌላው እጅ መገኘቱ አይቀርም? ወይስ በአጋጣሚ ላይ የተንጠለጠለ ነው? (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ዳይናሞ፣ ሻጋታና ሚዛን የሦስቱ ተከራካሪዎች ቅጽል ስሞች ናቸው።)

ዳይናሞ፦ አይቀርም ባይ ነኝ። አልሙኒየምን ተመልከቱ። በ1886 አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ አልሙኒየምን በኤሌክትሪክ የማውጣት ያንኑ ዘዴ አገኙ። አልሙኒየም ኦክሳይድ የሚቀልጠው ከ2000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ ክሪዮላይት በተባለ የቀለጠ ማዕድን ውስጥ ሲሟሟ ግን 1000 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። የቀረው ብርቱና የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ነበር። ባትሪ ያንን በርካሽ አይሰጥም፤ ዳይናሞ (ኤሌክትሪክ አመንጪ ማሽን) ሰጠ። ከዚያ በኋላ መልሱ በሁለት አህጉር መገኘቱ ምን ይደንቃል?

ሻጋታ፦ አልሙኒየም ታውቆ የተፈለገ ነገር ነው። ሳይፈለግ የተገኘውስ? የባክቴሪያ ተመራማሪው ፍሌሚንግ በ1928 ለእረፍት ሲሄድ ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የዘራበትን ሳህን ኢንኩቤተር (ማሞቂያ ሳጥን) ውስጥ ሳያስገባ ጠረጴዛ ላይ ተወው። ሲመለስ ሳህኑ ላይ ፔኒሲሊን የሚሠራ ሻጋታ በቅሎ፣ በዙሪያው ባክቴሪያ የጠፋበት ጠራራ ቀለበት አየ። ብዙ ሰው የሚዘለው ነጥብ እዚህ አለ። ፔኒሲሊን አዲስ የሴል ግድግዳ እንዳይሠራ ስለሚከለክል የሚገድለው በማደግ ላይ ያለ ባክቴሪያን ነው። አድጎ ባበቃ ባክቴሪያ ላይ ሻጋታ ብትጥሉ ያንን ጠራራ ቀለበት አታዩም። ስለዚህ ሻጋታው መቅደም ነበረበት። እሱ 20 ዲግሪ አካባቢ ይስማማዋል፤ ስታፊሎኮከስ ግን በደንብ የሚራባው 37 አካባቢ ነው። የባክቴሪያ ተመራማሪው ሮናልድ ሄር ከብዙ ዓመት በኋላ የለንደንን የአየር ጠባይ መዝገብ ሲያገላብጥ ቀዝቃዛ ቀናት ቀድመው ሙቀት ተከትሎ አገኘ። ሳህኑ እንደ ደንቡ ኢንኩቤተር ገብቶ ቢሆን ባክቴሪያው ቀድሞ ይሞላው ነበር።

ዳይናሞ፦ የሳህኑን ነገር አልክድም። ግን ተመራማሪው ሬኔ ዱቦ በ1939 ከአፈር ባክቴሪያ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገድል ንጥረ ነገር አወጣ፤ በ1943 ደግሞ በአፈር ተሕዋስያን ተመራማሪው ዋክስማን ላብራቶሪ ስትሬፕቶማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ (ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት) ተገኘ። አፈር ይወሰዳል፣ ተሕዋስያኑ አንድ በአንድ ተለይተው ይራባሉ፣ እያንዳንዱ ከበሽታ አምጪው ጋር ይፋጠጣል፤ ቀለበት ያልሠራው ይጣልና ቀጣዩ ይሞከራል። ይህ ትዕግሥት እንጂ ዕድል አይጠይቅም።

ሚዛን፦ መንገዱ አንቲባዮቲክ ጋር ያደርሳል፤ ፔኒሲሊን ጋር ማድረሱን ግን አላሳየህም። ልዩነቱ ደግሞ ከባድ ነው። የዱቦ ንጥረ ነገር ቀይ የደም ሴልን ስለሚያፈርስ በደም ሥር አይሰጥም፤ የሚያገለግለው ከላይ ለሚቀባ ቁስል ነው። ፔኒሲሊን የሚያጠቃው ግን የሰው ሴል የሌለውን ግድግዳ ነው። ያም ሆኖ ሊጣል ይችል ነበር። ሜይ 25 ቀን 1940 ፔኒሲሊንን ወደ መድኃኒትነት የለወጠው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ከበከላቸው 8 አይጦች 4ቱን በፔኒሲሊን አከመ፤ ያልታከሙት 4ቱ በማግስቱ ሞተው ተገኙ። በአይጥ ፋንታ ጊኒ ፒግ ቢመርጡ ኖሮ፣ ፔኒሲሊን የአንጀቱን ተሕዋስያን አዛብቶ ስለሚገድለው፣ መድኃኒቱ መርዝ ነው ይባል ነበር።

ሻጋታ፦ ፈረንሳዊውን ሐኪም ኧርነስት ዱሼንንም አትርሱት። ሻጋታ ባክቴሪያን እንደሚያሸንፍ በ1897 በመመረቂያ ጽሑፉ አሳይቷል። የቀጠለው አልነበረም።

ዳይናሞ፦ ዱሼን የእኔን ወገን ያግዛል። ፔኒሲሊን በአሲድም በሙቀትም ቶሎ ይበላሻል፤ ፍሌሚንግ ራሱ አጥርቶ ማውጣት አቅቶታል። ኦክስፎርዶች ፈሳሹን አቀዝቅዘው አሲድ ጨመሩበት፣ ኤተር ወደተባለ ፈሳሽ አሻገሩት፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ውሃ መለሱት፤ ከዚያ በበረዶነቱ አደረቁት። ይህ የማድረቅ ዘዴ በ1897 በዱሼን እጅ አልነበረም። መገኘቱ አይቀርም ስል ግን ቀኑን አልቆረጥኩም፤ በዚህ ሚዛን ልክ ነው።