«ጡት የሚጠባው ምን አደረገ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ

የማርቆሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ትንንሾቹን አስተምራለሁ፣ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ያሉትን። ባለፈው እሁድ የሳኦልን ታሪክ እየነገርኳቸው ነበር፣ 1ኛ ሳሙኤል 15። ሳኦል አማሌቅ የሚባለውን ሕዝብ እንዲያጠፋ ታዘዘ፣ ንጉሣቸውን አጋግንና የሰባ የሰባውን ከብት ግን አስቀረ፣ በዚህ ምክንያት እግዚአብሔር ናቀው። «መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል» ብዬ ልዘጋው ስል አንዱ ልጅ እጁን አወጣ። ለካ እኔ ስተርክ እሱ ጭኔ ላይ ያለውን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ቁጥር 3 ላይ፣ ወንዱንና ሴቱን፣ ብላቴናውንና ጡት የሚጠባውን፣ በሬውንና በጉን ግደል የሚለው ላይ ጣቱን አድርጎ «ጡት የሚጠባው ምን አደረገ?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ቀጥዬ «ስታድግ ይገባሃል» አልኩት። እኔ 29 ዓመቴ ነው፣ አልገባኝም።

ከጉባኤው በኋላ አንዱን ኃላፊ ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት። የመለሰልኝ «ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ያለ ጥያቄ የጀመረሽ? ሌላ ቦታ መሄድ ጀመርሽ እንዴ?» ብሎ ነው። ሌላ ቦታ አልሄድኩም። አስቀድሳለሁ፣ እጾማለሁ። ግን ማታ መብራት ሲሄድ በስልኬ ብርሃን ዳዊት ስደግም አፌ ይደግማል፣ ልቤ ግን ያ ልጅ ጣቱን ያሳረፈበት መስመር ላይ ቀርቷል። ቃሉን እናምናለን የምትሉ ሰዎች፣ እውነቱን ንገሩኝ። የማትስማሙበት ቦታ ስትደርሱ ምን ታደርጋላችሁ? ገጹን ገልጣችሁ ታልፋላችሁ?

ጽኑ ዓለት፦
እህቴ ይሄ የጥርጥር መንፈስ ነው። ነገ ሳትይ ንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂ። ቃሉ ይታመናል እንጂ አይመረመርም። ቲክቶክ ላይ ከማያምኑት ጋር ሲዋል የሚመጣ ጣጣ ነው። የሕፃን ጥያቄ እንዲህ ካናወጠሽ አዋቂ ሲጠይቅሽ ምን ልትሆኚ ነው?

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦
ወንድሜ ጽኑ ዓለት፣ ንስሐ አባቷ ጋ ትሂድ ያልከው ደግ ነው። «አይመረመርም» የምትለዋን ግን ከየት አመጣሃት?

እኔ እዚሁ ጎጃም አምስት ዓመት ቅኔ ተምሬያለሁ። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቤ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ በየደጁ ከውሻ ጋር ስታገል የዋልኩ ሰው ነኝ (ቁርጭምጭሚቴ ላይ ምልክቱ አለ)። አሁን ቢቸና የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። እኛ ያደግንበት ጉባኤ ያለ ጥያቄ አንድ ቀን አይውልም። የመጻሕፍቱን ትርጓሜ እይ። ሊቃውንቱ ንባቡን ያወርዱና «አንድም» እያሉ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ፍች ይደረድራሉ። ጥያቄ ያልነበረበት ሰው ሁለተኛውን አንድም ምን ያደርግለታል?

አንድ ነገር ላጫውትሽ እህቴ። በተማሪነቴ የኤልሳዕ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ልጆች «አንተ ራሰ በራ፣ ውጣ» ብለው ሰደቡት፣ እሱም ረገማቸው፣ ሁለት ድቦች ወጥተው 42ቱን ሰባበሯቸው። እኔ ራሴ የሰፈሩ ልጆች እየተከተሉ የሚሰድቡኝ ተማሪ ነበርኩ፣ እና መጀመሪያ ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር! ደስ ማለቱ ነው በኋላ ያስደነገጠኝ። የኔታን ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው አያይም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ብዙ ዝም አሉ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው ብዬ ልነሳ ስል «እኔንም ያስቸግረኛል» አሉ። «እኔ የቅኔ ሰው ነኝ። የብሉይ መምህር ጋ ሂድና ጠይቅ። እስከዚያው ኪዳን እንዳታስታጉል።»

ሄድኩ፣ የሁለት ቀን መንገድ በእግር። ሦስት አንድም ሰጡኝ። አንዱ ገባኝ። ሁለቱ ይኸው 20 ዓመት አለፋቸው፣ እስካሁን አልገቡኝም። ከዚያ ሁሉ ከኔ ጋር የቀረው ግን «እኔንም ያስቸግረኛል» የሚለው የየኔታ ቃል ነው። እሳቸው የቸገራቸውን ይዘው ሲያስቀድሱ ካየሁ እኔስ ምን ሆኜ እሸሻለሁ?

የእኛውን ጃንደረባ ደግሞ አትርሺ፣ ሐዋርያት ሥራ 8። ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው አፍሮ «አዎ» አላለም። የሚመራኝ ከሌለ እንዴት ብዬ ነው ያለው። ሹም ነው፣ የንግሥት ገንዘብ በእጁ ነው፣ ግን አልገባኝም ለማለት አላፈረም።

ከፍኖተ ሰላም፦
ገብቼ ልናገር፣ እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ (ሰፈር ውስጥ ጴንጤው ነው ስሜ)። የማርቆሷ፣ እኛ ጋ ብትጠይቂው የተለየ እንዳይመስልሽ። «ሌላ ቦታ መሄድ ጀመርሽ?» አትባይም፣ «መንፈስሽ ቀዝቅዟል» ትባያለሽ። ያው ነው።

ስለ አማሌቅ እኔም ብዙ ቆፍሬያለሁ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ይሄን ነው፦ ምዕራፍ 15 ላይ ሕዝቡ ሁሉ በሰይፍ ጠፋ ይላል። ምዕራፍ 27 ላይ ግን ዳዊት አማሌቃውያን ላይ ይዘምትባቸዋል። ምዕራፍ 30 ላይ ይባስ ብለው ዳዊት የተቀመጠባትን ከተማ ጺቅላግን አቃጥለዋል፣ ዳዊት ሲደርስባቸውም 400 ጎልማሶች በግመል ያመልጣሉ። ጭራሽ 1ኛ ዜና መዋዕል 4 ላይ፣ ከስንት ዘመን በኋላ በሕዝቅያስ ጊዜ፣ የተረፉት አማሌቃውያን ይነሳሉ። ታዲያ «ሁሉ» ማን ነው የጠፋው? እዚያው አጠገቡ የሞዓብ ንጉሥ ሞሳ፣ 2ኛ ነገሥት 3 ላይ ያለው፣ ያስቀረጸው ድንጋይ አለ። በ1868 እ.ኤ.አ. ነው የተገኘው። እሱ ደግሞ «እስራኤል ለዘላለም ጠፋ» ይላል። እንደምናውቀው አልጠፋም። የዘመኑ የጦር አነጋገር ነው። የጎጃም ሰው ፉከራ ለማን ይነገረዋል? ጎራዴውን መዝዞ «አገር አጠፋሁ» የሚለውን ሽማግሌ የሞተውን ቁጠርልን ብሎ የሚይዘው የለም።

ግን ልዋሽሽ አልፈልግም። ይሄ የጦርነቱን ዘገባ ይፈታል እንጂ ልጁ ጣቱን ያሳረፈበትን አይፈታም። ቁጥር 3 ፉከራ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። እዚያ ላይ እኔ እስካሁን ቆሜያለሁ። የማደርገው ነገር ቢኖር ኢየሱስን አጠገቡ አስቀምጬ ማንበብ ነው። ሕፃናት ወደ እኔ ይምጡ አትከልክሏቸው ያለው እሱ ነው። ሉቃስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ በሳምራውያን መንደር እሳት ይውረድ ሲሉ ዘወር ብሎ የገሠጻቸውም እሱ ነው። የማይገባኝን በሚገባኝ አነባለሁ፣ በተቃራኒው አላደርገውም። ፓስተራችን በዚህ አይስማማም፣ ሦስት ጊዜ ተከራክረናል፣ ቡናውን ግን አብረን እንጠጣለን።

ነርስ ነኝ ከቡሬ፦
የኔ ጥያቄ እንደናንተ የምዕራፍ ጥያቄ አይደለም። እናቴ ኩላሊቷን ታማ 8 ወር ስንመላለስ «ለምኑ ይሰጣችኋል» የምትለዋን ቃል ይዤ ነበር። ሱባኤ ገባሁ፣ ጠበል ወሰድኳት፣ መድኃኒቷንም አላቋረጥኩም። አረፈች። ለቅሶው ላይ አንዲት ዘመድ ጆሮዬ ሥር መጥታ «እምነትሽ ጎድሎ ይሆናል» አለችኝ። እስከዛሬ ሰላም ስላት እጄ ይከብደኛል።

ለወራት መጽሐፍ አልገለጥኩም። ዳዊት ግን ከእናቴ የለመድኩት ስለሆነ እንደ ልማድ በየዕለቱ ተከፋፍሎ የተመደበውን እደግም ነበር። ሰኞ ዕለት 12ኛው ላይ «እስከ ማእዜኑ እግዚኦ ትረስዐኒ» ይላል። እስከ መቼ ትረሳኛለህ። ሐሙስ ዕለት 87ኛው ይመጣል (ፕሮቴስታንቱ ወንድሜ ባንተ ቁጥር 88 ነው)። ያንን አንብቡት። ብዙዎቹ የለቅሶ መዝሙሮች አልቅሰው አልቅሰው መጨረሻ ላይ ይመሰገናል፣ ይሄኛው ግን ምስጋና የለውም፣ ጨለማ ላይ ያልቃል። በልጅነቴ ስንቴ ደግሜዋለሁ፣ አላየሁትም። እና አሰብኩ፣ ይሄን በየሐሙሱ በይ ብለው የሰጡኝ አባቶች የኔን ቅሬታ ቀድመው ያውቁታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስከፋ ዝም አልልም፣ እዚያው ዳዊቱ ላይ እነግረዋለሁ። እናቴ ለምን እንደሞተች እስካሁን አልተመለሰልኝም።

እና የማርቆሷ፣ ልጁን «ስታድግ ይገባሃል» ያልሽውን መልሺው። እኔ አዋቂ ሁሉ እንደሚያውቅ አምኜ ነው ያደግኩት። በኋላ እንደማያውቁ ሳይ የተናደድኩት በእግዚአብሔር ላይ ነበር።

ጽኑ ዓለት፦
ነርሷ ነፍስ ይማር። እንደዚያች ዘመድ ማለቴ አልነበረም። ስለ «አይመረመርም»ም ጋሼ ቆሎ ተማሪው ያሉትን ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር ልበል፣ ለሰባት ዓመት ልጅ ይሄን ምዕራፍ ማን ምረጡ አላችሁ? ስንት ታሪክ እያለ።

የማርቆሷ፦
ጽኑ ዓለት፣ እሱ ላይ ልክ ነህ። የተሰጠን መርሐ ግብር ላይ ስለነበረ ነው፣ ሳላስበው ገባሁበት።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ማርቆስ የብሉይ መምህር የሚያውቁ ከሆነ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ የሁለት ቀን መንገድ አልችልም። ነርሷ፣ ሐሙስን ጠብቄ 87ኛውን ደገምኩት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ገጽ የጎደለ መስሎኝ ገልጬ አየሁ።

ዛሬ ልጁን ከጉባኤ በፊት ለብቻው ጠርቼ «ያን ቀን ስታድግ ይገባሃል ያልኩህ ዋሽቼ ነው፣ እኔም አልገባኝም፣ የሚያውቅ ሰው እየፈለግሁ ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበ። የሚያለቅስ ወይ የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር። «እሺ» አለኝ፣ «በጎቹስ?»