አብስትራክቴ «ውጤት አላየንም» ተብሎ ተመለሰ፤ ምን ላስተካክል?

አዋላጅ መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሚድዋይፈሪ አስተምራለሁ። አምና ለአንድ የሕክምና ትምህርት ኮንፈረንስ አብስትራክት (የሥራዬን አጭር ማጠቃለያ) ልኬ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ነው፦ «ውጤት አላየንም»። ሥራው እኮ አልቋል! ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን አንድ ደቂቃ ሳይሞላው በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) አየር ማግኘት አለበት። ተማሪዎቼ ይኼን በቃላቸው ይወጡታል። ስኪል ላብ (መለማመጃ ክፍል) ገብተው አሻንጉሊቱ ፊት ሲቆሙ ግን አንዷ ማስክ ስትፈልግ፣ ሌላዋ ጨርቅ ስታገላብጥ ደቂቃዋ ታልፋለች። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ሆነው በስልካቸው እንዲቀራረጹ አደረግሁ። ቼክሊስት ይዘው ራሳቸውን አዩ፤ ደግመው ሠሩ። በመጀመሪያው ፈተና ከ32ቱ 9ኙ ብቻ ናቸው በደቂቃዋ ውስጥ የደረሱት። በሁለተኛው 25 ደረሱ።

የተፈቀደው 250 ቃል ነው። የኔ ጽሑፍ መጨረሻው «ዝርዝር ውጤቱ በጉባኤው ላይ ይቀርባል» ይላል። ቁጥሩን እዚያው ሰው ፊት ልናገረው ብዬ ነው ያስቀረሁት። ዘንድሮም መላክ እፈልጋለሁ። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

ሐኪምና መምህር፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ እንኳን ሠራሽው። አብስትራክት እገመግማለሁ። ማታ ከዋርድ መልስ ተቀምጬ ብዙውን ባንድ ላይ ነው የማነበው። «ይቀርባል» የሚል ሳይ ሥራው ተሠርቷል ወይስ ገና ሐሳብ ነው የሚለውን በምን ልወቅ? ቁጥሩን ካልጻፍሽው ለኔ የለም። 9 እና 25ን ጻፊያቸው። እዚህ ጥያቄሽ ላይ ያስቀመጥሻቸው ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ ይበቃሉ።

ቦታውን የበላብሽ መግቢያው ይመስለኛል። ስለ ጨቅላ ሕፃናት ሞት በሰፊው ጽፈሽ ከሆነ ቁረጪው። ገምጋሚው ያን ያውቃል። ማወቅ የሚፈልገው ተማሪዎችሽ የቱ ጋ እንደሚቸገሩ ነው፤ ያቺ ጨርቅ የምታገላብጠዋ ልጅ።

ብዙ አብስትራክት «ተማሪዎቹ ወደዱት» ላይ ይቆማል። የሥልጠና ውጤት በሚመዘንባቸው በከርክፓትሪክ አራት ደረጃዎች ያ ገና የመጀመሪያው ነው። አንቺ ግን መማራቸውን ለክተሻል፤ ሁለተኛው ላይ ነሽ። ይኼ ጎልቶ ይውጣ። ቢሆንም «አረጋገጥን» አትበይ። የምታነጻጽሪበት ሌላ ቡድን የለሽም። ሁለተኛው ፈተና ላይ የተሻሻሉት በቪዲዮው ይሁን በመደጋገሙ አንቺም እርግጠኛ አይደለሽም። «አንድ ቡድን፣ በፊትና በኋላ» ብለሽ በግልጽ ጻፊው። እንዲህ ያለውን ጸሐፊ አምነዋለሁ። ደግሞ ደቂቃውን የያዘው ማነው? አስተማሪዋ ራሷ ከሆነች ይጠየቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ዋሸራ ቅኔ የቆጠረ ሰው ነው። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ የሚባክን ቃል የለውም። ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል። አንቺም ከመጻፍሽ በፊት ሥራሽን ለማያውቅ ባልደረባ በቃልሽ ንገሪው። «እና ምን አገኛችሁ?» ብሎ ከጠየቀሽ ገና ነው።

ነርስ መምህር፣ እንጅባራ

ከላይ የተባለው በቂ ነው። እኔ ስለ ሰዓቱ ብቻ ልናገር። የመዝጊያ ሰዓቱ 23:59 ጂ ኤም ቲ ከተባለ በኛ ከሌሊቱ 8:59 ነው። መብራትና ኔትወርክ ባንድነት ጠፍተውብኝ አንድ ዓመት አምልጦኛል። ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ላኪው። የሥነ ምግባር ፈቃድ ቁጥርሽንም አጠገብሽ አድርጊ፤ ፎርሙ ላይ ይጠይቃሉ። የራስሽ ተማሪዎች ስለሆኑ እምቢ የማለት መብት እንደነበራቸውም ጥቀሺ።

አዋላጅ መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶክተር፣ አሁን ቆጠርኩት። መግቢያው 118 ቃል ወስዶ ነበር። ወደ 34 አወረድኩት። እንዲህ ይጀምራል፦ «ተማሪዎቻችን የመጀመሪያውን ደቂቃ ሕግ ያውቃሉ፤ እጃቸው ግን ይዘገያል።»

ለፋርማሲ መምህር ጓደኛዬ በቃሌ ነገርኳት። «ከ9 ወደ 25?» አለችኝና ቪዲዮውን አሳዪኝ አለች።

ደቂቃውን የያዝኩት እኔው ነኝ። ደግነቱ ሁለቱም ፈተናዎች ተቀርጸዋል። የትኛው በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደሆነ የማያውቅ ሌላ መምህር እንደገና እንዲለካልኝ ለመንኩት። ሰኞ ይጀምራል። ቁጥሩ ከተቀየረ የተቀየረውን እልካለሁ።